አየሁሽ አበባና የእንጉዳይ ጣሪያ

ማራገፍ ማለት አንድን ልብስ በሁለት እጅ ጫፍና ጫፉን ይዞ፣ ከሰውነት ራቅ አድርጎ፣ ወደ ላይ አንስቶ በኃይል ወደ ታች መምታት ሲሆን፣ ዓላማውም በልብሱ ላይ ያለው ነገር በልብሱ ላይ እንዳይቀር ነው። በሌላው አገር ይህ ሥራ አቧራ ሲኖር ይሠራል፤ አቧራ ከሌለ አይሠራም። በጉም አገድ ተራራ ሥር ባሉት በላይ መንደርና በታች መንደር ግን አቧራ ኖረም አልኖረም ይሠራል። እንግዳ ሰው ቤት ሲደርስ ከደጃፉ ቆሞ ጋቢውን ያወልቃል፣ ባለቤቱ እያየው ያራግፋል፣ መልሶ ይለብሳል፤ ባለቤቱም ጎንበስ ብሎ መሬቱን ካየ በኋላ «ግባ፣ ቤት ለእንግዳ» ይለዋል። ሙሽራ ሊወስዱ የመጡ ሚዜዎች ያራግፋሉ፤ ለቅሶ ደራሽ እያለቀሰ ያራግፋል፤ የቀበሌው ሊቀ መንበርም ካፖርቱን ያራግፋል። ከልብሱ አንዳች ነገር የወደቀበት እንግዳ አይመለስም። ይገባል፣ ይበላል፣ ይጠጣል፤ የሚሰጠው መቀመጫ ግን ከበሩ አጠገብ፣ ሁሉም በሚያየው ቦታ ነው። ለምን እንዲህ እንደሚደረግ ሲጠየቁ «ለክብር ነው» ይላሉ። ለክብር ከሆነ መሬቱን ለምን ጎንበስ ብለው እንደሚያዩት ሲጠየቁ ወሬ ይቀይራሉ።

የልማዱን ምንጭ ለማወቅ ወደ ተራራው መውጣት ያስፈልጋል። ገብስ ከሚበቅልበት በላይ፣ የአስታው ቁጥቋጦ እያጠረ ሄዶ ከሚያልቅበትም በላይ፣ ጅብራ የሚባለው ረጅም የደጋ ተክል ብቻውን እንደ ዘብ ቆሞ የሚታይበት ሰፊ ሜዳ አለ፤ ሜዳውን የሚሸፍነው ጓሳ የሚባለው ረጅምና ጠንካራ ሣር ነው። ጓሳ ለቤት ክዳን ይሆናል፣ ለገመድ ይሆናል፣ ዝናብ ለሚከላከለው ገሳም ይሆናል። በዚህ ሣር እግር ሥር፣ የጠዋቱ ውርጭ በማይደርስበት ጥላ ውስጥ፣ አንዲት ትንሽ አበባ ትበቅላለች። ግንዷ መሬት ለመሬት ይሳባል፤ ቅጠሏ የልብ ቅርጽ አለው፤ አበባዋ ፈዛዛ ሐምራዊ ሆኖ ከታች በኩል በቀጭን ብዕር የተሰመሩ የሚመስሉ ጥቋቁር መስመሮች አሉበት። አንገቷን ደፍታ ስለምትቆም፣ ሰው ሲያልፍ ቀና ሳትል በጎን የምታይ ትመስላለች። ስሟ አየሁሽ ይባላል። አበባዋ ረግፎ ፍሬዋ ሲደርቅ በሦስት ይሰነጠቅና ዘሩን እያስፈነጠረ ይወረውራል፤ ከአጠገቧ ሳይነቃነቅ የተቀመጠ ሰው ጠብ፣ ጠብ የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ሲነሣም ከጤፍ ተለቅ፣ ከተልባ አነስ ያለ ፍሬ በልብሱ እጥፋት ውስጥ ተሸክሞ ይሄዳል።

አየሁሽ ከጓሳው ሜዳ ወጥታ አትኖርም። የምትኖረው እዚያው ብቻ ነው ለማለት ግን አይቻልም፤ ምክንያቱም ከተራራው የሚወርደው መንገድ ሁለት ተከፍሎ ወደ ሁለቱ መንደሮች ከሚሄድበት ቦታ፣ ማራገፊያ ከሚባለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ዙሪያ፣ ጓሳ በሌለበት ገላጣ መሬት ላይ በብዛት ትገኛለች። ዕፅዋት የሚያጠና አንድ ሰው መጥቶ ቦታውን አይቶ «ጉንዳን አምጥቷት ይሆናል» ብሎ ነበር። ሰዎቹ በትሕትና አዳመጡት፤ ምሳ ሰዓት ሲደርስም ጃኬቱን እንዲያራግፍ አደረጉት።

ሽማግሌዎች እንደሚሉት ነገሩ የሆነው በጥንት ጊዜ ነው። በየትኛው ንጉሥ ዘመን እንደሆነ አይስማሙም፤ እያንዳንዱ ተራኪ የገዛ አያቱ ያገለገሉትን ንጉሥ ይጠራል። የሚስማሙበት ነገር ቢኖር ጓሳው ያን ጊዜም የሁለቱ መንደሮች የጋራ ሀብት እንደነበረ፣ አድጎ እስኪደርስ ለዓመታት እንደሚዘጋና በዝግ ጊዜ ማጭድ ይዞ የወጣ ሰው ቅጣቱ የታወቀ እንደነበረ ነው። ጥፋተኛው አይታሰርም፣ አይገረፍም። ክረምቱ ሊገባ ሲል የሁለቱ መንደር ሰው ተሰብስቦ መጥቶ የቤቱን ክዳን ይገፍፋል፤ የተገፈፈውም ጓሳ ዝጉን ላላፈረሱት ሰዎች ይከፋፈላል። ጥፋተኛው ዝናቡን ከነልጆቹ በአራት ግድግዳ መካከል ቆሞ ይቀበላል።

ዝጉን የሚያስከብረው የሣር ዳኛ የሚባል ሹም ነበር። በዚያ ዘመን ሹመቱ የላይ መንደሩ የደባልቄ ነበር፤ እርሱም ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲያነጋግር የሰውን ዓይን ሳይሆን የሰውን እጅ የሚያይ ሰው እንደነበረ ይነገራል። ታችኞች፣ ዳኛው ላይኛ ስለሆነ የወገኑን ሰው አይቶ እንዳላየ ያልፋል ብለው ስለጠረጠሩ፣ ዳኛውን የሚጠብቁ ሰዎች ላኩ። ላይኞችም እነዚህ ጠባቂዎች ብቻቸውን ሲሆኑ ምን እንደሚሠሩ ማን ያውቃል ብለው የጠባቂ ጠባቂ አወጡ። ይህን ያዩ ታችኞች ደግሞ ለእነዚያም አንድ ዓይን ያስፈልጋል አሉ። በመጨረሻ ሚስቶች ሳይቀሩ ባሎቻቸው በእርግጥ ጥበቃ ላይ መሆናቸውን ለማረጋገጥ ይወጡ ነበር ይባላል፤ ይህን የሚያወሩት ግን ባሎች ናቸው።

ጥበቃው በጠነከረ ቁጥር ጓሳው እየሳሳ ሄደ። ደባልቄ ሜዳውን ሲዞር በየቦታው አንድ ሰው የሚያስተኛ መደብ የሚያህሉ ራቁት ቦታዎች ያገኝ ጀመር። ማጭዱ ስለታም፣ አጫጁ ጥንቁቅ እንደነበረ ከቅሪቱ ይታወቃል። ያን ሁሉ ሰው እየጠበቀው የሚያጭድ ሌባ እንዴት ያለ ሌባ ቢሆን ነው ተባለ። ላይኞች ታችኛ ነው አሉ፤ ታችኞች ላይኛ ነው አሉ፤ ሁሉም ግን ጠባቂ ይጨመር በሚለው ተስማሙ።

በታች መንደር ባሏ የሞተባትና ትናንሽ ልጆች የምታሳድግ እንጉዳይ የምትባል ሴት ነበረች። በዚያ ዓመት የቤቷ ክዳን አዲስ ሆኖ ታየ። የሌላው ሰው ጣሪያ ከዓመታት ጭስና ዝናብ የተነሣ ጠቁሮ ሳለ የእርሷ ብቻ ቢጫ ሆኖ ከሩቅ ያበራ ነበርና፣ ደባልቄ ሽማግሌዎች አስከትሎ ወረደ።

«ይህ ክዳን የዘንድሮ ነው» አላት፣ እጇን እያየ።

«የበረቴ ክዳን ነው፣ አያ ደባልቄ። በረት ውስጥ እሳት አይነድም፤ ጭስ ስላልነካው ነው አዲስ የሚመስለው። ቤቱ ሲያፈስብኝ የበረቱን አውርጄ ለልጆቼ ጫንኩት።»

«በረቱስ?»

«ያውና፣ ራቁቱን ቆሟል። ሄደው ይዩታ።»

ሄደው አዩት። በረቱ እውነትም ማገሩ ብቻ ቀርቶ ቆሟል፤ ጥጃዋም በውስጡ ሆና ሰማዩን ታያለች። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ያወረደችው እኮ፣ ያወረደች እንድትመስል ነው» አለ። ይህ አነጋገር የብልህ ሰው ነው ተብሎ በሁለቱም መንደር በሰፊው ተወራ።

ጎረቤቷ ጎንጤ ይህን ሲሰማ ሳቀ። «ክዳኑ በረቱ ላይ ቢገኝ ኖሮ ደግሞ ‹የበረቱማ ይኸው አለ፤ የቤቱን ከየት አመጣችው› ልትሏት ነበር» አለ።

«አንተስ ምን ቆረቆረህ?» አሉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጎንጤም ተጠረጠረ።

ሆኖም በጥርጣሬ ብቻ ጣሪያ አይገፈፍም፤ ሕጉ ምስክር ይጠይቃል፤ ምስክር ደግሞ አልነበረም። ሰማዩ ግን መክበድ ጀምሯል። እንጉዳይ ጠዋት ስትነሣ ቀድማ የምታየው ጣሪያዋን ሆነ፤ ሰው ደጇ ባለፈ ቁጥርም ልጆቿን ወደ ውስጥ ትጠራ ነበር ይባላል። ልጆች ያሉበትን ቤት ሰው ሊገፍፍ ያመነታል ብላ አስባ እንደሆነ አይታወቅም።

በአንድ የጉም ቀን ደባልቄ ጓሳው ውስጥ በደረቱ ተኝቶ ሲጠብቅ፣ ከጆሮው አጠገብ ጠብ፣ ጠብ የሚል ድምፅ ሰማ። ሌባው መጣ ብሎ ትንፋሹን ዋጠ። ድምፁ ቀጠለ፤ የሚመጣ ሰው ግን የለም። ዘወር ሲል ያቺን ትንሽ አበባ አየ፤ ፍሬዋ እየተሰነጠቀ ዘሯን በጺሙና በጋቢው ላይ ትወረውራለች። ረጅም ጊዜ አያት፤ እርሷም በጎን አየችው። ከዚያም «አየሁሽ!» ብሎ ጮኸ፤ የአበባዋ ስም ከዚህ መጣ ይባላል። ላይኞች ይህን ያለው ለአበባዋ ነው ይላሉ። ታችኞች ለእንጉዳይ ነው ይላሉ፤ እርሷ ግን እዚያ አልነበረችም።

ደባልቄ የተረዳው ይህን ነው፤ ይህች አበባ ከጓሳው ውጭ አትበቅልም፣ ዘሯም በእጥፋት ውስጥ ከገባ ጋቢው ካልተራገፈ አይወጣም፤ ስለዚህ ዝጉ ውስጥ ገብቶ ያጎነበሰ ሰው ምስክሩን በጀርባው ተሸክሞ ይዞራል። ሰው ጋቢውን ቀድሞ እንዳያራግፍ ብሎ ለማንም ሳይናገር ቆየ። እሑድ ቅዳሴ አልቆ ሕዝቡ ሲወርድ ከጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ የበሬ ቁርበት ዘርግቶ ጠበቀው። የሁለቱ መንደር ሰው ከበበ። መምሬ ጥላዬ የሚባሉት ቄስ መስቀላቸውን ይዘው ከፊት ቆሙ። ደባልቄ የዘሩን ነገር በሰፊው አስረዳና እጁን ዘረጋ።

«እንጉዳይ፣ ነይ። ነጠላሽን ቁርበቱ ላይ አራግፊ። ዘሩ ከወደቀ ዝጉ ውስጥ ነበርሽ፤ ዛሬውኑ ክዳንሽ ይወርዳል። ካልወደቀ ነፃ ነሽ።»

እንጉዳይ ወደ ቁርበቱ ቀረበች። «አራግፋለሁ» አለች። «ግን አያ ደባልቄ፣ እኔ ያንን ዘር አይቼው አላውቅም። የገብስ ብናኝ ሲወድቅ ዘር ነው ብትሉኝ በምን አውቃለሁ? መጀመሪያ እርስዎ ያራግፉና ምን እንደሚመስል ሁላችንም እንየው።»

ልክ ናት ተባለ። ደባልቄም የሚያፍርበት ነገር ስላልነበረው ጋቢውን አውልቆ አራገፈ። ዘሩ ቁርበቱ ላይ እንደ ካፊያ ተንጠባጠበ።

«ይኸው» አለ በኩራት። «እኔ የምወጣው ለጥበቃ ነው።»

«እሱማ ይታወቃል» አለ ጎንጤ ከኋላ። «የጠባቂን ዘርና የሌባን ዘር ግን በምን እንለያለን? ዘሩ ራሱ ይናገራል እንዴ? ሌሎቹም ያራግፉ።»

ላይኞች ታችኞች ያራግፉ አሉ፤ ታችኞችም ላይኞች ይቅደሙ አሉ። ተራ በተራ ከዚህም ከዚያም እየተጠራ ማራገፍ ተጀመረ። የዳኛው ጠባቂ አራገፈ፣ ዘር ወደቀ። የጠባቂው ጠባቂ አራገፈ፣ ወደቀ። ሽማግሌዎች አራገፉ፤ ያ «ያወረደችው እኮ» ያለው ብልህ ሰው ሲያራግፍ ከሁሉ የበለጠ ወደቀ። ጎንጤ ራሱ አራገፈ፤ ወደቀ፤ ራሱን አከከ። በመጨረሻ ሰው ሁሉ ወደ መምሬ ጥላዬ ዞረ። እርሳቸው መስቀሉን ለሌላ ሰው ሰጥተው ጋቢያቸውን አውልቀው አራገፉ፤ ወደቀ።

«መምሬ! እርስዎም?» አለ ጎንጤ።

«የእናንተ ጠባቂዎች እንዳይተኙ ለማየት ነው።»

«እና፣ ተኝተው ነበር?»

«እኔን እንቅልፍ ስለቀደመኝ አላየሁም» አሉ መምሬ።

ሰው ሊስቅ ሲል እንጉዳይ ቀስ ብላ ጠየቀች። «ምን ላይ ተኙ፣ አባቴ?»

«ሣር ላይ ነዋ።»

«የታጨደ?»

«ታዲያ በዚያ ውርጭ ባዶ መሬት ላይ ልተኛ ኖሯል? ለመደብ የምትሆን ጥቂት አጨድኩ። ጥቂት።»

ደባልቄ ወደ ፊት ወጣ። «እኔ ለመኝታ አይደለም ያጨድኩት» አለ። «ለመሰወሪያ ነው። ጠባቂ ካልተሰወረ ሌባ እንዴት ይመጣል?» ሌላው ደግሞ ደባልቄ ሲሰወር ለማየት እርሱም መሰወሪያ እንዳስፈለገው፣ ሦስተኛው ዝናብ ሲመጣ ጥበቃውን ትቶ እንዳይሄድ ገሳ እንደሠራ ተናገረ። እንዲህ እያለ የዚያ ሁሉ ራቁት ቦታ ባለቤት በየተራ ታወቀ። አንዳቸውም ግን ሌባ አልነበሩም፤ ሁሉም ሌባ ሲጠብቁ ነበር።

«የእርሷስ?» አለ አንድ ድምፅ። «የእርሷ እኮ ገና ነው!»

እንጉዳይ ነጠላዋን አውልቃ፣ ዘር ካልነካው የቁርበቱ ጥግ ላይ አራገፈች። ጥቂት አመድና አንድ የገብስ ገለባ ወደቀ። ደባልቄ ተንበርክኮ ያንን ጥግ በጣቱ ፈተሸ፤ ሌላ ነገር አልነበረም። ሴትዮዋ ልጆቿን የምትተውለት ሰው ስላልነበራት ከሁለቱ መንደር ሰው ሁሉ አንድ ቀን እንኳ ለጥበቃ ያልወጣች እርሷ ብቻ ነበረች።

ሕዝቡ በዚህ ደስ አላለውም። «ይህን ያህል ንጹሕ የሆነ ሰው ምን ቢሠራ ነው?» ተባለ። «እኛ ንጹሐን ሆነን ይህ ሁሉ ወደቀብን፤ እርሷ ምንም ያልወደቀባት ቤቷ አራግፋ ብትመጣ ነው።» ደባልቄም ነገሩን ያዘ። «አዎ፣ ነገሩ ያጠራጥራል። ምንም አለመውደቁ ራሱ አንድ ነገር ነው» አለ። ወጣቶቹ ወደ ታች መንደር፣ ወደዚያ ቢጫ ጣሪያ ማየት ጀመሩ፤ አንዳንዱም መውረድ ጀምሯል ይላሉ።

ያን ጊዜ እንጉዳይ ነጠላዋን መልሳ ለብሳ ወደ ቄሱ ዞረች።

«አባቴ፣ ሕጉን እርስዎ ያውቃሉ። የተገፈፈ ክዳን ለማን ነው የሚሰጠው?»

«ዝጉን ላላፈረሰ ሰው» አሉ መምሬ ጥላዬ።

«ዝጉ ውስጥ የታጨደስ፣ ጥቂት ከሆነ ጥፋት አይደለም ይላል ሕጉ?»

«አይልም» አሉ መምሬ፤ ድምፃቸውም ቀንሶ ነበር። ወዴት እየሄደች እንደሆነ ከሁሉ ቀድሞ የገባቸው እርሳቸው ናቸው ይባላል፤ የእርሳቸው ቤት ክዳን ከሁሉ ሰፊ ነበር።

«ዛሬ እዚህ ካለን ሰዎች ዝጉን አላፈረሰም የሚባል ማን አለ?»

መውረድ የጀመሩት ወጣቶች ቆሙ። ሰው ሁሉ አንገቱን አዙሮ የገዛ ቤቱን ጣሪያ አየ። ከማራገፊያ ላይ ሲያዩት ሁለቱም መንደር በግልጽ ይታያል።

«ያ ሁሉ የእኔ ነው ማለት ነው» አለች እንጉዳይ።

ጎንጤ «እትዬ፣ ጎረቤትነታችንን አትርሺ» አለ። አንዲት ሴት ከዳር ሆና ባሏን በክርኗ ጎሰመችው። መምሬ ጥላዬ ሰማዩን አዩ፤ ሰማዩ ከብዷል።

«አሁን ይህን ሁሉ ሣር አምጥታችሁ ብትከምሩልኝ የት አደርገዋለሁ?» አለች እንጉዳይ። «ባለበት ይቀመጥልኝ። ክረምቱን እደሩበት፤ ከክረምትም በኋላ እደሩበት። የእኔ መሆኑን ግን አትርሱ። እኔ ደግሞ በጣሪያዬ ሥር ምን እንደሚገባ ማወቅ እፈልጋለሁ፤ ወደ ቤት የሚገባ ሁሉ ደጁ ላይ ያራግፍ፣ የቤቱም ሰው ያየው።»

ጣሪያው ሁሉ የእርሷ ስለነበረ ትእዛዙ ለሁሉም ቤት ሆነ። በዚያው ቀን ደባልቄ ከቁርበቱ ላይ ዘሩን ወደ መሬት ደፍቶ ቁርበቱን ጠቀለለና ሄደ ይባላል፤ በድንጋዩ ዙሪያ የምትበቅለው አየሁሽ የዚያ ቀን ዘር ናት። ከዚያ ወዲህ ለጓሳው ጠባቂ አልተሾመም። በተከታዮቹ ዓመታት ሣሩ አድጎ ራቁት የነበረውን ሁሉ ሸፈነ። ሁለቱ መንደሮች ይህን እንደ ተአምር ሲያወሩት እንጂ ምክንያቱን ሲመረምሩ አይሰሙም።

ዛሬ በሁለቱም መንደር አብዛኛው ቤት ቆርቆሮ ሆኗል። ቆርቆሮው ሲመታ ግን ከመጀመሪያው ቆርቆሮ ሥር አንድ ጭብጥ ጓሳ ይቀመጣል፤ ይህም የእንጉዳይ ይባላል፤ አናጢው ቢረሳው ባለቤቱ ያስታውሰዋል። ደጃፍ ላይ ማራገፉም እንዳለ ነው።

የእንጉዳይ ቤት ከፈረሰ ብዙ ዘመን ሆኖታል። የመሠረቱ ድንጋይ ግን አሁንም ይታያል፤ በአጠገቡም አየሁሽ በቅላለች። ላይኞች ይህን ለእንግዳ ሳያሳዩ አያልፉም፤ ያን እሑድ ወደ ቤተ ክርስቲያን ከመውጣቷ በፊት ያራገፈችው እዚህ ነው፣ የበረቱም ነገር ውሸት ነው ይላሉ። ታችኞች በዚህ ይቆጣሉ። ሴትዮዋ እስክትሞት ድረስ ደጇ የመጣ ሰው ሁሉ ሲያራግፍላት ኖሯል፣ ታዲያ ከደጇ ምን ሊበቅል ኖሯል ይላሉ። ክርክሩ የጸና የሚመስለው የታችኞች ነው። አበባዋ ያለችው ግን በጓሮ በኩል ነው። ጉዳዩ አንድ ጊዜ ለሁለቱ መንደር ሽማግሌዎች ቀርቦ፣ ሽማግሌዎቹ የተቀመጡበት ቤት ጣሪያም እንደ ሌላው ሁሉ የእርሷ ስለነበረ፣ በዚያው ተዘግቷል።